የሐይቁ ውሃና የጉድጓዱ ውሃ፦ የመቂና የዝዋይ አካባቢ የውሃ ጥራት ታሪክ

በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

መግቢያ

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ለአባላት ስለቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ለገበያ ስለቀረበው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ስለተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ብዙ ይነገራል። መነገሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ሥራ በስተጀርባ ስሙ ብዙ የማይነሳ አንድ ባለውለታ አለ፤ እርሱም ውሃ ነው። በአካባቢያችን ያለ ውሃ ሽንኩርት የለም፤ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ኅብረት ሥራ ማኅበሩም ዩኒየኑም ዛሬ ባሉበት ደረጃ ላይ ባልደረሱ ነበር።

ስለ ውሃ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ መጠኑ ነው። ሐይቁ ሸሸ፣ ወንዙ ቀነሰ፣ ጉድጓዱ ደረቀ እንላለን። ስለ ጥራቱ ግን የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የገጸ ምድር ውሃና የከርሰ ምድር ውሃ በአካባቢያችን በጥራት እንዴት እንደሚለያዩ፣ ይህም ልዩነት ባለፉት 70 ዓመታት በሰውና በማሳ ላይ ምን ታሪክ እንደጻፈ ለውድ አንባቢያን ለማቅረብ እሞክራለሁ። ነገሩ የልጆቻችንን ጥርስና አጥንት፣ የማሳችንንም ዕድሜ የሚመለከት በመሆኑ ትኩረት እንዲሰጠው በቅድሚያ እጠይቃለሁ።

ሁለት ወንዝ፣ አንድ ሐይቅ

እንደሚታወቀው አካባቢያችን የሚገኘው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ነው። በምዕራብ የጉራጌ ተራሮች፣ በምሥራቅ የአርሲ ተራሮች አጥር ሆነው ቆመዋል። ከጉራጌ በኩል የመቂ ወንዝ፣ ከአርሲ በኩል የቀታር ወንዝ ወርደው ዝዋይ ሐይቅን ይመግባሉ። ደምበል በሚል ስሙም የሚታወቀው ይህ ሐይቅ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ብቻ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙ አያልፍም። ከሐይቁ የሚተርፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ አማካይነት ወደ ደቡብ ተጉዞ አቢጃታ ሐይቅ ይገባል።

በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከእነዚህ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን ደብረ ጽዮን የምትባል ጥንታዊት ገዳም ይገኝበታል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዮዲት ጉዲት በተነሳችበት ዘመን ካህናት ከአክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህች ደሴት ሸሽተው ነበር። የደሴቶቹ ነዋሪዎች የሆኑት የዛይ ሕዝቦች ለብዙ መቶ ዓመታት ዓሣ እያጠመዱ፣ የደሴቱን ተዳፋት በድንጋይ እርከን እየሠሩ እያረሱና ሸማ እየሸመኑ ኖረዋል። የሚጠጡትም የሐይቁን ውሃ ነበር።

ይህ ሐይቅ ከደቡብ ጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ልዩ ነው። በአንድ ሊትር የዝዋይ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ጨው ግማሽ ግራም አይሞላም። ላንጋኖ ላይ ወደ 2 ግራም ይጠጋል። ሻላ ላይ ሲደርስ 20 ግራም አካባቢ ይሆናል። አቢጃታም እንዲሁ ከ10 ግራም በላይ ጨው ያለው ሐይቅ ነው። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ለመጠጥና ለመስኖ የሚሆን ውሃም፣ ከብት እንኳ የማይጠጣው ውሃም ይገኛል ማለት ነው። የዚህ ምክንያቱ ወደፊት ይብራራል።

መስኖ ወደ ሸለቆው ሲመጣ

የስምጥ ሸለቆው ውሃ በሰፊው ለእርሻ መዋል የጀመረው ከእኛ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት በወንጂ ሜዳ ላይ ሸንኮራ አገዳ ተክሎ በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ በአዋሽ ሸለቆ ከላይ እስከ ታች ሰፋፊ የአገዳ፣ የጥጥና የፍራፍሬ እርሻዎች ተስፋፉ።

በእኛም አካባቢ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የመንግሥት እርሻዎችና የአምራቾች ማኅበራት ከሐይቁ በትላልቅ ፓምፖች እየሳቡ አትክልት ማልማት ጀመሩ። የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ አብዛኞቹ ትላልቅ ፓምፖች ቆሙ። ነገር ግን አርሶ አደሩ ሥራውን አይቶት፣ ተምሮት ነበርና በግሉና በቡድን ትንንሽ የሞተር ፓምፖችን እየገዛ ቀጠለ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ደግሞ አርሶ አደሩ በፈቃዱ ተደራጅቶ በአንድነት እንዲገዛና እንዲሸጥ በር ከፈተ። እንደኛ ያሉ ዩኒየኖች የተወለዱት ከዚህ በኋላ ነው።

ሐይቅና ወንዝ አጠገብ መሬት ያለው አርሶ አደር ከሐይቅና ከወንዝ ይስባል። ራቅ ብሎ ያለው ግን ምን ያድርግ? ጉድጓድ ይቆፍራል። በመሆኑም ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት በተለይ በመቂ ዙሪያ በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች እንደ አሸን ፈሉ። እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ውሃዎች የጥራት ልዩነት በየቤቱና በየማሳው መታየት የጀመረው።

የወንጂ ትምህርት

የከርሰ ምድር ውሃ በዓይን ሲታይ ጥሩ ነው። ይጠራል፤ ይቀዘቅዛል፤ ትል የለውም። የወንጂ እርሻ ኃላፊዎችም ለሠራተኛው ሰፈሮች ጉድጓድ ያስቆፈሩት የአዋሽ ድፍርስ ውሃ ከሚያመጣው የሆድ በሽታ ሕዝቡን ለማዳን ነበር። ሐሳቡ ቅን ነበር። በዘመኑ በብዙ አገር የሚሠራበትም ይኸው ነበር።

ይሁን እንጂ ዓመታት ሲያልፉ ሌላ ነገር ብቅ አለ። በሰፈሮቹ ተወልደው ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ ተቦረቦረም። ለረጅም ዓመታት ውሃውን የጠጡ አንዳንድ ሠራተኞች አንገታቸውንና ወገባቸውን ማዞር አቃታቸው። ጎብጠው የቀሩ፣ እግራቸው የሰነፈ ነበሩ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ምክንያቱ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ። በሽታውም ፍሎሮሲስ ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ በመጀመሪያ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለ ጥርስ ነው። መጠኑ እየጨመረ ሲሄድና ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንት ውስጥ ይከማቻል። በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ የሆነ ውሃ ለረጅም ጊዜ ከተጠጣ አካል እስከማጉደል ይደርሳል። በወንጂ የነበሩ አንዳንድ ጉድጓዶች ከወሰኑ በብዙ እጥፍ የበለጠ ፍሎራይድ ነበራቸው።

የነርቭ ሐኪም የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በስምጥ ሸለቆ ልዩ ልዩ ቦታዎች ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመዋል። ከተወለዱ ጀምሮ በሸለቆው ከኖሩትና ከተመረመሩት ሕፃናት መካከል ከ80 በመቶ የሚበልጡት የጥርስ ፍሎሮሲስ ታይቶባቸዋል። ይህ ጥናት ችግሩ የወንጂ ብቻ ሳይሆን የመላው ሸለቆ መሆኑን ያሳየ ነው። ከዚያ በፊት በየመንደሩ የጥርስ መበለዝ እንደ ተፈጥሮ ወይም እንደ ዘር ጉዳይ ይቆጠር ነበር። ወጣቶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑበት ምክንያት ከጉድጓዱ ውሃ ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። አገራችን ውስጥ "እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ" ይባላል። ፍሎራይድ በእርግጥ እንዲህ ነው። አይሸትም፣ አይመርም፣ ቀለም የለውም፤ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ፍሎራይድ ከየት ይመጣል?

አንዳንድ አባላት ፍሎራይድ ከማዳበሪያ ወይም ከፋብሪካ የመጣ ይመስላቸዋል። በአካባቢያችን ዋናው ምንጭ ግን ራሱ መሬቱ ነው። የሸለቆው ወለል በጥንት ጊዜ ከፈነዱ እሳተ ገሞራዎች በወጣ አመድ፣ ፐሚስና ሌሎች ድንጋዮች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ድንጋዮች ፍሎራይድ በብዛት አላቸው። በዝዋይና በላንጋኖ መካከል ያለው የአሉቶ ተራራ የእሳተ ገሞራ ተራራ መሆኑን፣ ከሥሩ በሚወጣው እንፋሎትም ኤሌክትሪክ እንዲመነጭበት ጣቢያ መተከሉን አብዛኞቻችን እናውቃለን። የመሬቱ ሙቀት ውሃው ድንጋዩን ቶሎ እንዲያሟሟ ያግዘዋል።

በተራሮቹ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ በመጀመሪያ ካልሲየም ያለው ለስላሳና መልካም ውሃ ነው። ካልሲየም ደግሞ የፍሎራይድ ጠባቂ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ተጣምረው ደለል ስለሚሆኑ ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ ከልክ በላይ ሊበዛ አይችልም። ውሃው ከመሬት በታች ወደ ሸለቆው ወለል ሲጓዝ ግን ካልሲየሙ በኖራ መልክ እየተራገፈ ይቀራል። በምትኩ ሶዲየም ይገባል። ጠባቂው ከጠፋ በኋላ ፍሎራይዱ እንደልቡ ይሟሟል። በዚህ ምክንያት በአርሲና በጉራጌ ተራሮች ግርጌ ያሉ ምንጮች ፍሎራይዳቸው ዝቅተኛ ሲሆን፣ በሸለቆው ወለል ላይ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከፍተኛ ነው።

ወንዞቹ ውሃቸውን በፍጥነት ከተራራ ስለሚያወርዱ ከድንጋዩ ጋር ብዙ አይቆዩም። ስለዚህ ፍሎራይዳቸው ዝቅተኛ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ውሃም በዚያው በ1.5 ሚሊግራም ወሰን አካባቢ ይዋልላል። ላንጋኖ ግን ከ10 ሚሊግራም ያልፋል፤ አቢጃታና ሻላ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ጉድጓድ ሁሉ አንድ አይደለም። ወንዝ ዳር ያለ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ከወንዙ በሚሰርግ ውሃ ስለሚመገብ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከእርሱ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ያለው ደግሞ መጥፎ ሊሆን ይችላል። ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው አባባልም በእኛ ሸለቆ አይሠራም። እንዲያውም በጥልቀት የሚገኝ ሙቅ ውሃ ብዙ ጊዜ የበለጠ ፍሎራይድ አለው። ስለዚህ ጎረቤት ጠጥቶት ምንም አልሆነም ብሎ መደምደም አይቻልም፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በየራሱ መመርመር አለበት።

የገጸ ምድር ውሃም የራሱ በሽታ አለው

እስካሁን የተባለውን ያነበበ ሰው እንግዲያውስ ጉድጓዱን ትተን ወደ ሐይቁና ወደ ወንዙ እንመለስ ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የገጸ ምድር ውሃ ጠላቱ ሕይወት ያለው ነው። ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ጎርፍ የሜዳውን ቆሻሻ ጠርጎ የሚያስገባበት ውሃ ተቅማጥ፣ ታይፎይድና የሆድ ትላትል ያመጣል። ፍሎራይድ የሚጎዳው በዓመታት ነው፤ ተቅማጥ ግን ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። ይህ በሽታ በውሃ ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ መስኖ በተስፋፋበት ሁሉ አብሮ ተስፋፍቷል። በወንጂ የአገዳ ቦዮችና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻም ይታወቃል። ስለዚህ በሽታ ሲነሳ የኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚህ በመነሳትም እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እናቶቻችን ለዘመናት የሚያውቁት ተክል የገጸ ምድርን ውሃ በሽታ ለመከላከል ሲውል ማየት የሚያኮራ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የገጸ ምድር ውሃ የላይኛው ሰው ሥራ በታችኛው ሰው ላይ ቶሎ የሚደርስበት ነው። የአዲስ አበባና የሞጆ የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ በአዋሽ ወንዝና በቆቃ ላይ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። እምቦጭ የተባለው አረምም በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ቆቃ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደርሷል። በራሳችን በኩልም ቢሆን ንጹሕ ነን ማለት አንችልም። ተመራማሪዎች በሐይቁ ውሃ ውስጥ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አግኝተዋል። የመርጫ መሣሪያን ሐይቅ ዳር ማጠብ፣ ባዶ ጠርሙስን ቦይ ውስጥ መጣል፣ ኬሚካል በተነገረው መጠን አለመጠቀም የትልልቅ እርሻዎች ብቻ ሳይሆን የትንንሽ ማሳዎችም ጥፋት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ውሃዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ እንዲህ ማለት እንችላለን። የሐይቅና የወንዝ ውሃ በጨውና በፍሎራይድ የተሻለ፣ በጀርምና በደለል የባሰ ነው። የጉድጓድ ውሃ በጀርም የተሻለ፣ በጨውና በፍሎራይድ የባሰ ነው። የመጀመሪያው በማፍላት ወይም በክሎሪን ሊታከም ይችላል። ሁለተኛው ግን በማፍላት አይድንም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር መጠኑ ይጨምራል። ይህን ልዩነት እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል።

በማሳ ላይ ሲታይ

አሁን ደግሞ ወደ ማሳው እንምጣ። ለሰብል የውሃ ጥራት ዋናው መለኪያ የጨው መጠን ነው። ይህም ውሃው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት አቅም ይለካል፤ መለኪያው ዴሲ ሲመንስ በሜትር ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መመሪያ መሠረት ምርት ሳይቀንስ ሰብሎች የሚችሉት የመስኖ ውሃ ጨው እንደሚከተለው ነው፦

ቦሎቄ — 0.7
ሽንኩርት — 0.8
ቃሪያ — 1.0
በቆሎ — 1.1
ጥቅል ጎመን — 1.2
ቲማቲም — 1.7

የዝዋይ ሐይቅ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 0.5 አካባቢ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል። የጉድጓድ ውሃ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። 2 የሆነ ጉድጓድ ቢገኝ ቲማቲሙ ትንሽ ቢጎዳም ያፈራል፤ ሽንኩርቱ ግን በግልጽ ይቀንሳል። 2.9 ሲደርስ የሽንኩርቱ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ መመሪያው ያመለክታል። በአንድ ሠፈር ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ተጠቅመው አንዱ ሲያመርት ሌላው ሲከስር ምክንያቱ ስንፍና ወይም የዘር ጥራት ላይሆን ይችላል፤ ውሃው ሊሆን ይችላል።

ነገሩን በኩንታል እናስላው። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በአንድ ወቅት 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ጠጣ እንበል። ጨውነቱ 0.45 የሆነ የሐይቅ ውሃ ከሆነ ወደ ማሳው የሚገባው ጨው 14 ኩንታል ያህል ነው። ጨውነቱ 2 የሆነ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ግን 64 ኩንታል ያህል ይሆናል። ይህን የሚያህል ጨው በጋሪ አምጥቶ ማሳው ላይ የሚበትን አርሶ አደር የለም። በውሃ ተሟሙቶ ሲመጣ ግን አይታይም። የክረምቱ ዝናብ ጥሩ ሲሆን አብዛኛውን አጥቦ ያወርደዋል፤ ዝናቡ ሲያጥር ግን ጨው በየዓመቱ ይከማቻል። ውሃው ሶዲየም ሲበዛበት ደግሞ አፈሩ ይደፈናል፤ ቅርፊት ይይዛል፤ ያጠጡት ውሃ ላይ ላዩን ይቆማል።

ጥሩ ውሃ ያለው አካባቢም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ ሜዳ ላይ የተተከለው ጥጥ የሚጠጣው የአዋሽን ለስላሳ ውሃ ነበር። ነገር ግን ያለ ማንጣፈፊያ ከልክ በላይ ሲጠጣ ከሥር ያለው ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ወጣ። ውሃው ሲተን ጨው በአፈሩ ፊት ቀረ፤ ሰፊ መሬትም ከምርት ውጪ ሆነ። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ ውሃውም መንገድና ማሳ ውጧል። ከእነዚህ የምንማረው የገጸ ምድርና የከርሰ ምድር ውሃ በስም እንጂ በተፈጥሮ የተለያዩ አለመሆናቸውን ነው። በላይ የምናፈሰው ታች ይገባል፤ ታች ያለውም ተመልሶ ወደ ላይ ይመጣል።

የአቢጃታ ማስጠንቀቂያ

ከላይ የዝዋይ ሐይቅ ከጎረቤቶቹ ለምን ተለይቶ ጣፋጭ ሆነ የሚል ጥያቄ አንስተን ነበር። መልሱ ቡልቡላ ነው። ዝዋይ መግቢያም መውጫም ያለው ሐይቅ ነው። መቂና ቀታር ይዘውት የሚመጡት ጨው ከውሃው ጋር በቡልቡላ በኩል ይወጣል። አቢጃታና ሻላ ግን መውጫ የላቸውም። የሚገባው ውሃ በፀሐይ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ድስት ላይ የተጣደ መረቅ እየነጠፈ ሲሄድ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው።

አቢጃታ ባለፉት አርባ ዓመታት ምን እንደደረሰበት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከሐይቁ ሶዳ አሽ ማምረት ተጀመረ። ከላይ ደግሞ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በመጨመሩ በቡልቡላ የሚደርሰው ቀነሰ። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ ጨመረ። በውስጡ የነበረው ዓሣ ጠፋ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉትና ምግባቸውን ከአቢጃታ ያገኙ የነበሩት ይብራዎችም ቁጥራቸው ተመናመነ።

አቢጃታ በአእዋፍ ታሪክ ብቻ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ ለዝዋይ ሐይቅ ምሳሌ ነው። የዝዋይ ጥልቀት በአማካይ 2.5 ሜትር እንደሆነ ተናግረናል። ፀሐይ በየዓመቱ ከዚህ ሐይቅ ላይ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ ትወስዳለች። ወንዞቹ በሙሉ ከላይ ቢጠለፉና ሐይቁ ወደ ቡልቡላ መፍሰሱን ቢያቆም ዝዋይም ቀስ በቀስ መውጫ የሌለው ሐይቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ጨዉና ፍሎራይዱ ይጨምራል። የባቱ ከተማ ነዋሪ የሚጠጣው፣ እኛም ሽንኩርት የምናጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው። ስለዚህ በቡልቡላ የሚወርድ ውሃ ባክኖ የሚሄድ ውሃ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ሐይቁ የሚታጠብበት ውሃ እርሱ ነው።

ምን ተሞከረ? ምንስ እናድርግ?

ለፍሎራይድ ችግር በአገራችን ብዙ መፍትሔዎች ተሞክረዋል። በአጥንት ከሰል የማጣራት ዘዴ ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን ከሰሉ በየጊዜው መለወጥን ይጠይቃል፤ የአጥንቱም ምንጭ ከእምነት ጋር በተያያዘ ጥያቄ ያስነሳል። ከሕንድ አገር የመጣውና የናልጎንዳ ዘዴ የሚባለው በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራ ነው፤ እርሱም በየቀኑ በጥንቃቄ መመጠንን ይፈልጋል። በብዙ ቦታ እነዚህ ማጣሪያዎች የቆሙት ስለማይሠሩ ሳይሆን ተከታታይ ስለሌላቸው ነው። ከተራራ ምንጭ በራሱ ግፊት በቧንቧ ማውረድ ሌላው መንገድ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአርሲ ሒጦሳ የተሠራው ትልቅ የቧንቧ መስመር ለብዙ ቀበሌዎችና ከተሞች ውሃ ያደረሰ፣ ሕዝቡ በራሱ ኮሚቴ ያስተዳደረው ሥራ በመሆኑ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንግዲህ መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየናችን በአቅማቸው ሊያደርጉ የሚችሉትን በሚከተለው መልክ አቀርባለሁ።

1ኛ. የአባላት ጉድጓዶች ይመርመሩ። የጨው መለኪያ መሣሪያ በእጅ የሚያዝና በደቂቃ ውጤት የሚሰጥ ነው። ዩኒየኑ አንድ ሁለት ቢገዛ በየማኅበሩ ሊዞር ይችላል። የፍሎራይድ ምርመራ ግን በላቦራቶሪ መደረግ ስላለበት ከወረዳው የውሃና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ውጤቱም በመዝገብ ተይዞ በጉድጓዱ አጠገብ ይለጠፍ።

2ኛ. ውሃው በየሥራው ይለይ። ለቤተሰብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥሩ ውሃ ማዳረስ ባይቻል እንኳ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የሚሆነው ጥቂት ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ ልብስ ለማጠብ ያገለግላል። ጥርሳቸው በመፈጠር ላይ ላለ ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የተሻለው ውሃ ቅድሚያ ይሰጣቸው።

3ኛ. የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሁሉ የዝናብ ውሃ ያጠራቅም። በ1995ና በ1996 ዓ.ም. በዘመቻ የተቆፈሩት የፕላስቲክ ኩሬዎች ብዙዎቹ ውጤት አላመጡም ተብሎ የዝናብ ውሃ ጭራሽ መረሳት የለበትም። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ንጹሕ ጣሪያ፣ አሸንዳና ክዳን ያለው ታንከር ካለ ለመጠጥ ይሆናል።

4ኛ. ሰብል ከውሃው ጋር ይጣጣም። ጨው የበዛበት ጉድጓድ ያለው አርሶ አደር ከሽንኩርትና ከቦሎቄ ይልቅ ቲማቲም ቢመርጥ ይሻለዋል። ማሳውም ውሃ የሚወርድበት ማንጣፈፊያ ይኑረው።

5ኛ. የሐይቁና የወንዙ ዳርቻ ይከበር። ከውሃው ጠርዝ ጥቂት ሜትር ሳይታረስ ሣርና ደንገል ይቅር። የመርጫ መሣሪያ ከውሃ ርቆ ይታጠብ። የኬሚካል ዕቃ ማሰባሰቢያ ቦታ በየማኅበሩ ይኑር። ዩሪያም በመጠኑ ይጨመር፤ ከልክ ያለፈው ወደ ጉድጓድ ሰርጎ ናይትሬት ይሆናልና።

6ኛ. ፓምፕ በተራ ይሠራ። ሁሉም በአንድ ቀን ሲስብ ሐይቁም ቡልቡላም ይጎዳሉ። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ተጠናክሮ የትልልቅ እርሻዎች ባለቤቶችም አብረው ቁጭ የሚሉበት መድረክ እንዲኖር ዩኒየኑ ድምፁን ያሰማ።

ማጠቃለያ

የሸለቆአችን የውሃ ታሪክ ሲጠቃለል አባቶቻችን ውሃን በዓይን፣ በአፍንጫና በምላስ ይመርጡ ነበር። ለጀርምና ለድፍርስ ውሃ ይህ በመጠኑ ይሠራል። ለፍሎራይድና ለጨው ግን አይሠራም፤ መለካት ግድ ነው። በወንጂ ከሃምሳ ዓመት በላይ የታወቀው ነገር ዛሬም በብዙ መንደር ገና አልታወቀም። ያልተለካ ጉድጓድ እያለ ልጅ እየጠጣ ነው።

ዩኒየናችን ማዳበሪያን በጋራ ገዝቶ፣ ምርትን በጋራ ሸጦ አንድ አርሶ አደር ለብቻው የማይችለውን አሳይቷል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ብሂል በገበያ ላይ ተፈትኖ እውነት ሆኗል። ውሃን መለካት፣ ውሃን መለየትና ሐይቅን መጠበቅም ለብቻ የሚቻል ሥራ አይደለም። በመጪዎቹ ዓመታት የዩኒየናችን ሪፖርት የተሸጠውን ኩንታል ብቻ ሳይሆን የተመረመረውን ጉድጓድ ቁጥርም የሚያሳይ እንዲሆን ምኞቴ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!